በፎጣ ሥር የመረጥኳት የቡና ማሽን

ሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በስድስተኛው ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከዓይኔ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው፤ ከእሱም ጋር ቢሆን ተላምደናል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በድሮው የጽሕፈት መኪናዬ ነው። ጣቶቼ እያንዳንዱ ፊደል የት እንዳለ ስለሚያውቁ ለመጻፍ አልተቸገርኩም፤ የቸገረኝ የጻፍኩትን መልሶ ማንበብ ነው። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤቴን አንብቢልኝ እንዳልላት የራሷን ጨማምራ እንደምታነብ አንቺም ታውቂያለሽ። እሷ ፖስታው ላይ አድራሻሽን ትጽፋለች፣ በቃ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የኖርኩ ሴትዮ ዛሬ የራሴን ስህተት ለአንቺ ትቼልሻለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለምታሸንፊኝ ነው። ገና አፌን ስከፍት «እማዬ፣ ይሄ ነገር አልቋል እኮ» ትይኛለሽ፤ እኔም ሆድ ይብሰኝና ወደ ልጆቹ ወሬ እሻገራለሁ። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ነገሩ ከየት እንደጀመረ ላስታውስሽ። ከአራት ወር በፊት የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያው ወደ ኩባያ ስቀዳ እጄን አቃጠልኩ። ልብስ ሰፊዋ ቅባቱን ቀብታኝ ሳትጨርስ ስልክ አንስታ ነገረችሽ። አንቺም በነጋታው ክፍል አዘጋጀሽልኝ፣ መጋረጃ መረጥሽልኝ፣ በዚህ ወር በሃያ አምስት መጥተሽ ልትወስጂኝ ቆረጥሽ። «ቡና እንኳ ራስሽን ችለሽ ማፍላት ካቃተሽ ብቻሽን እንዴት ትኖሪያለሽ?» አልሽኝ። «ካፈላሁስ?» አልኩሽ። ሳቅሽና «ካፈላሽማ ማን ይነካሻል» አልሽ። አንቺ ያልሽው እኔን ለማባበል ነው። እኔ ግን ቃል ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

ስለ ዓይኔ ደግሞ ልክ ልኩን ልንገርሽ፤ ሐኪሙ ለአንቺ አሳጥሮ ነው የነገረሽ። የጠፋው መሐሉ ነው እንጂ ዳር ዳሩ አለ። በር ላይ የቆመን ሰው ትከሻውንና ጆሮውን አየዋለሁ፣ ፊቱ ያለበት ቦታ ግን ግራጫ ነው። አይሻለውም። ይሁን እንጂ በዚህ ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የትኛው ወንበር የት እንደሚያደናቅፈኝ አውቃለሁ።

ከዚያ ያንን የቡና ማሽን ላክሽልኝ። ልቤ ተነክቷል፣ እውነቴን ነው። ግን ልጄ፣ ፊቱ እንደ መስኮት መስታወት ልሙጥ ነው። የሚጫኑት ነገር የለውም። ጣት ሲነካው ይሠራል አሉ፤ የት ጋ ሲነኩት እንደሆነ የሚያውቀው ግን የሚያይ ሰው ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን አቧራውን ስጠርግለት በገዛ እጁ ተነሣና ኩባያ በሌለበት ቡናውን ለቀቀው። ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ የቤት ጫማዬ፣ ሁሉም ቡና በቡና ሆነ። ላጠፋው ስዳብሰው ጭራሽ ሁለተኛ ዙር ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ጩኸቴን ሰምታ መጣችና «ኧረ ሴትዮ፣ ገመዱን ንቀይው» አለችኝ። ስትመጪ ውሰጂው፤ ለባልሽ ይሆነዋል።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋን አስከትዬ የቤት ዕቃ መሸጫው ሄድኩ። ሻጯ ለጋ ልጅ ናት፣ ደግ ድምፅ አላት። ስለ ቀለማቸውና ስለ መብራታቸው ስትዘረዝርልኝ ቆየችና እስትንፋስ ስትወስድ «ልጄ፣ ንጹሕ ፎጣ ይኖርሻል?» አልኳት። እጄን ልጠርግ መስሏት አመጣችልኝ። ተቀብዬ ፊቴ ያስቀመጠችው የቡና ማሽን ላይ ጣል አደረግኩትና ሁለት እጄን ከሥር አስገባሁ።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«እየመረጥኩ ነዋ።»

ልብስ ሰፊዋ በሐፍረት ወደ ምጣዶቹ መደርደሪያ ሸሸች። አንቺ ግን ገብቶሻል አይደል? የጽሕፈት መኪና ተማሪዎቼን ሁሉ ያስተማርኳቸው እንደዚያ ነው፤ እጃቸውንና መኪናውን በፎጣ ሸፍኜ። አሥር ዓመት ሲሞላሽ አንቺንም አስቀመጥኩሽ። «አይታየኝም» ብለሽ ስታለቅሺ «እንዳይታይሽ ነው የሸፈንኩት» እልሽ ነበር። ለካ አንቺን ሳስተምር ለራሴ ነው የማስተምረው። አንዳንዴ እንደው ያልተሸፈነ ዕቃ በዓይን ብቻ እየገዛን ስንት ዓመት ቤት እንደሞላን ሳስበው ይገርመኛል።

መጀመሪያ ያቀረበችልኝ ቡናው በትንንሽ ብልቃጥ ታሽጎ የሚመጣውን ነበር። ብልቃጧን መክተቻው ጠባብ ነው፣ አዝራሮቹም ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለጣት መንታ ልጆች ማለት ናቸው። ቀጥሎ ምድጃ ላይ የሚጣደውን፣ ውሃው ከታች ቡናው ከላይ የሚሆነውን አመጣች። ወደድኩት፤ መጠምዘዣው እጅ ውስጥ ልክ ይገባል። ግን እሳት አለበት። እሳት ይቅር ያልኩት አንቺ ስለፈራሽ አይደለም፣ እኔ መዝኜ ነው። ከዚያ በመጭመቂያ ወደ ታች የሚጫኑት የመስታወት ዕቃ መጣ። በፎጣው ሥር ሁለቴ ጫንኩት፤ ሁለተኛው ላይ ተንጋደደብኝ። ባዶውን የተንጋደደብኝ የፈላ ውሃ ሲሞላበት ምን ሊሆን ነው? መለስኩላት።

ሻጯ ልጅ በዚህ ጊዜ ነገሩ ገብቷት ነበር። መብራትና ቀለም ማውራቱን ተወች። «አንዲት አለች፣ ስለ እሷ ማንም አይጠይቀኝም፣ አሮጌ ሞዴል ናት» ብላ ከኋላ ካለው ዕቃ ቤት አመጣችልኝ። ፎጣውን እሷው አለበሰችልኝ። ከላይ ውሃ፣ መሐሉ ላይ የወረቀት ማጣሪያ፣ ከሥር ቡናው የሚንጠባጠብበት። ማብሪያዋ አንዲት ናት፤ ወደ ታች ሲጫኗት ቀጭ፣ ወደ ላይ ሲመልሷት ቀጭ። ማጠራቀሚያዋ መስታወት አይደለም፣ ባለ ክዳን የብረት ፔርሙዝ ነው፤ ከውጭ አይፋጅም፣ ከእጅ ቢወድቅም አይሰበርም። የውሃዋ ልክ የሚታየው በጎኗ ባለች ጠባብ መስኮት ነው፤ ለኔ ያው የለችም ማለት ነው። ግን በራሴ ኩባያ ሦስት ሞልቼ ከሰፈርኩ ልኩን ማየት ምን ያደርግልኛል? እጄን ሳላወጣ «ይቺን ጠቅልይልኝ» አልኳት።

አሁን ደግሞ የማይጣፍጠውን ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከኔው ስሚ። በሁለተኛው ቀን ፔርሙዙን ከሥሯ ማስቀመጥ ረሳሁ። በስድስተኛው ሁለት ማጣሪያ ወረቀት ተጣብቆ ገባብኝና ውሃው ሞልቶ ዝቃጩን ይዞ ፈሰሰ። ሠላሳ ዓመት ወረቀትና ካርቦን ስነጥል የኖርኩ ሰው ሁለት ወረቀት አንድ መሰለኝ፤ በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣቴ ሳላሸው አንድም ወረቀት አይገባም። በአራተኛው ሳምንት ይቺኑ አውራ ጣቴን ትንሽ አቃጠልኳት። ለልብስ ሰፊዋ አልነገርኳትም። በጽሕፈት መኪናው በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ የምትመታው ጣት ስለሆነች ደብዳቤውን ሁለት ቀን አዘገየችው እንጂ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ከሁሉ የከበደኝ መቅዳቱ ነው። ኩባያ ሲሞላ አይታየኝም። ግን ይሰማል። ሲጀምር ድምፁ ወፍራም ነው፣ እየሞላ ሲመጣ ይቀጥናል። በጣም ሲቀጥን እጄን ቀና አደርጋለሁ። ባለፉት ሃያ ጠዋቶች ሦስቴ አፍስሻለሁ፤ አንዱን ጊዜ ከመንገድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶብኝ ነው፣ ሁለቱን ጥፋቱ የኔ ነው። እንዲህ ያለች ተማሪ ብትኖረኝ ማለፊያ ነጥብ እሰጣት ነበር፣ ጎበዝ ግን አልላትም።

ለአንዲት ኩባያ ቡና ይህ ሁሉ መከራ ምንድነው ትይኝ ይሆናል። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

አያትሽን ከቤቷ አውጥቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ጉልበቷ ደክሞ ነበር፤ ሰው ሁሉ ደግ ልጅ አለኝ። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ሰጠኋት። ኩባያዋን ከእጇ እቀማት ነበር፣ «እማ፣ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» እያልኩ። በሁለተኛው ወር ቡና አልፈልግም አለች። ልቧን ይመታት ይሆናል፣ ተወችው ብዬ አለፍኩት። በዚያው ሳትጠጣ ሦስት ዓመት ኖራ ሞተች። እጄ ከተቃጠለ በኋላ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እስክትመጣና እስክታፈላልኝ ስጠብቅ፣ መጠየቁም አስጠልቶኝ «ዛሬስ ይቅርብኝ» ስል ራሴን ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ ቡና ጠልታ አልነበረም። መጠየቅ ታክቷት ነው። እኔ በፍቅር አስጠምቻታለሁ። አለቀስኩ ልጄ፣ ደህና አድርጌ አለቀስኩ፤ ሲወጣልኝ ተነሣሁና ፎጣ ፍለጋ ሄድኩ።

አንቺ ከኔ የባስሽ ደግ ነሽ፤ ለዚያ ነው የምፈራሽ። ጨለማውን እንደዚያ አልፈራውም።

እንግዲህ የምልሽ ይህን ነው። በሃያ አምስት ነይ። የገዛሽልኝን የመንገድ ትኬትም ያዢው፣ አትመልሺው። በሩን አልፈሽ ስትገቢ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ትከሻሽን አይቼ እንዳልሳሳት። ከዚያ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቁጭ በይና እጆችሽን ከጭንሽ ሥር አድርጊ፤ ልትረጂኝ መነሣት የለም። እኔ ውሃውን እሰፍራለሁ፣ ቡናውን እጨምራለሁ፣ አፈላለሁ፣ ቀድቼም እስከ እጅሽ አመጣልሻለሁ። ሻንጣዬን ትናንት ራሴ አዘጋጅቼዋለሁ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ካፈሰስኩ አንድ ቃል ሳልናገር አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እናትሽ ቃሏን አታጥፍም። ካላፈሰስኩ ግን ቡናሽን እስከ መጨረሻው ትጠጪና ልብሴን ወደ ቁምሳጥኑ ትመልሺልኛለሽ።

ማሽኗን በጣቴ አውቃታለሁ፣ ኩባያውንም በጆሮዬ። ጠረጴዛው ላይ ጠብታ መውደቅ አለመውደቁን ግን እኔ ላየው አልችልም። የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ። አዝነሽልኝ የፈሰሰውን አልፈሰሰም እንዳትዪኝ። ልትወስጂኝ ጓጉተሽም ያልፈሰሰውን ፈሰሰ እንዳትዪኝ። ያየሽውን ንገሪኝ፣ እኔ አምንሻለሁ።

መንገድሽን የቀና ያድርግልሽ። የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፤ እጅሽ ከጉልበቱ፣ ዓይንሽም ከብርሃኑ ሳይጎድል ሸምግይ።

የምትወድሽ እናትሽ