አባባ የሚያውቁት ሊቅ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3፣ 2014

ዛሬም የጻፍኩት ሁለት ገጽ ብቻ። አባባ ደክሟቸዋል፤ እኔም እዚህ በስደት ከተማችን፣ ሄልስፊር በሚባለው ሰፈር፣ ስድስት ፎቅ ቢሮ አጽድቼ ነው የመጣሁት። የሚነግሩኝ የአንድ የጥንት የአረብኛ ሰዋስው ሊቅ ታሪክ ነው። ወሎ ሳሉ አርባ ዓመት ያስተማሩት የእሱን ኪታብ ነው፤ ሕይወቱን ግን ከሸኻቸው አፍ ነው የሰሙት። የትም አልተጻፈም ይላሉ። ሐኪሟ ደግሞ መርሳቱ እየባሰ ይሄዳል ብላናለች። እንግዲህ መሮጥ ነው። እስካሁን ያለን፦ የጫማ ሰፊ ልጅ፣ ባስራ ያደገ፣ ሃያ ዓመት ሞልቶት ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ አሊፍ ያለ። ደስ ይለኛል ይሄ ሰውዬ።

ማክሰኞ

ወንድሜ ሰዒድ መጣ። "አይ፣ በቃ በስልክ ቅጂያቸው" ይለኛል። አባባ ለስልክ አይናገሩማ! እንደ ደረሳቸው፣ እንደ ቂርአት ተማሪያቸው ነው የያዙኝ። ይናገራሉ፣ እጽፋለሁ፣ በነጋታው አነብላቸዋለሁ። ከተሳሳትኩ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ዝም ካሉ ልክ ነው፣ ወደ ንጹሑ ደብተር ይገባል። በሦስት ሳምንት አንዴም አልጠረጉም። ጎበዝ ሆኜ መስሎኝ ለሰዒድ ጉራዬን ነዛሁበት።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ሊቁ መምህር ፍለጋ የተጓዘበትን ሳነብ፣ እንቅልፍ እየጣለኝ "ሮመን ወረደ" ብዬ አነበብኩ። ሮመን የኛ ሰፈር ባቡር ጣቢያ! አባባ ዝም። ሆን ብዬ "ሊቁ ግመል ዋጠ" አልኩ። ዝም፤ እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ሐሙስ

ሥራ አልሄድኩም። ደብተሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

የጫማ ሰፊ ልጅ መሆኑ፦ ምናልባት የሊቁ።
ሚስቱ በመኸር ሞተችበት፦ እናቴም በመኸር ነው የሞተችው።
በሰው አገር ብቻውን በረዶ እያየ ክረምቱን ገፋ፦ ሊቁ በዞረበት የአረብ በረሃ በረዶ አለ እንዴ? በረዶ ያለው እኛ ያለንበት አገር ነው።

የቱ የሊቁ ነው፣ የቱ የአባባ? ማንን ልጠይቅ? ሸኻቸው ከሞቱ ስንት ዘመን። እሳቸውን ብጠይቅ ያፍራሉ። ልሰርዝ ብል ከየት ልጀምር? ሰዒድ ደወለ፣ "ምን አባቴ ላድርግ?" ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ምን ያድርግ።

ዓርብ

ከጁምዓ ሲመለሱ ፊታቸው ፈካ ብሏል። "እስቲ አንብቢልኝ" አሉ። ከመጀመሪያው አነበብኩ፣ በረዶውንም ምኑንም ሳልነካ። መሃል ላይ አስቆሙኝ።

"ማነው ይሄ ሰውዬ?"

"ሊቁ ነው አባባ። እርስዎ የነገሩኝ።"

"አላውቀውም። በጣም ተንከራቷል ግን፣ ምስኪን።" ቀጥለውም፣ "ልጅ አለው?" አሉኝ።

ይሄን አልነገሩኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

"አዎ፣ አንዲት ሴት ልጅ አለችው።"

"አልሃምዱሊላህ። እንዲህ በይኛ!" አሉና ጋደም አሉ።

ጻፍኩት፣ በእስክሪብቶ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። አልሰርዘውም።