በእርግጥ ስለነበሩት ሦስት ሽማግሌዎች

ለተከበሩ የድሮ ቴሌቪዥን ጽሑፎች ቤተ መዛግብት ዳይሬክተር
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የሰቨን ሲስተርስ ነዋሪ የሆንኩት ፀሐይወርቅ፣ ስለ መኖርዎ ምንም ማስረጃ ሳልጠይቅ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ሪሞት ገጽ እየቀያየርን እናነበው የነበረውን ቀልደኛ የቪዲዮ ጌም መጽሔት፣ ከሰው አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ውስጥ ፈልቅቃችሁ አውጥታችሁ ዌምብሊ ላይ ለሕዝብ ስላሳያችሁ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

፩. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ ጌም አላልፍ ብሎኝ ለመጽሔቱ ጻፍኩ። እነሱም ደብዳቤዬን በሥዕል ፈጥረው ለሚያሳዩት አሳማቸው እንዳነበቡለትና አሳማው ከሳቅ ብዛት እንደታመመ በቴሌቪዥን አወጡ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አባቴ ግን ልጄ በአገር ፊት ተሰደበች አሉ። በደንባችን ሽማግሌ መላክ ያለበት አጥፊው ቢሆንም፣ እንግሊዞቹ ይህን ስለማያውቁ አባቴ ራሳቸው ላኩላቸው። ጋሽ ኪዳነማርያም፣ ጋሽ ሀዲስና ጋሽ አኑዋር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄዱ፤ ዘበኛው ስላላስገባቸው በጋሽ ኪዳነማርያም እጅ የተጻፈ የዕርቅ ደብዳቤ ትተው ተመለሱ። መጽሔቱም በሳምንቱ ደብዳቤውን እንዳለ አውጥቶ ከሥሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሳማውም መጸጸቱን ጨመረበት። አባቴ ታረቁ። እናንተ ደግሞ ከዚያው ገጽ አጠገብ «ሦስቱ ሽማግሌዎች የአዘጋጆቹ ምርጥ ፈጠራ ናቸው» ብላችሁ ለጠፋችሁ። «ምርጥ» ስላላችኋቸው እናመሰግናለን።

፪. ጋሽ ሀዲስና ጋሽ አኑዋር አርፈዋል። ጋሽ ኪዳነማርያም ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ገጹ ተገኘ ሲባሉ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከኤድመንተን ዌምብሊ ድረስ በአውቶቡስ መጡ። የለጠፋችሁትን አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ወዲህ፣ እንግሊዝ አገር ያስታረቅነው አንድ ነበር፣ እሱም ቀልድ ሆነ እያሉ ከቤት አይወጡም። ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ ነው ያረረው።

፫. ይታረም ብዬ ኢሜይል ባደርግልዎ፣ መሥሪያ ቤትዎ ጋሽ ኪዳነማርያም ለመኖራቸው ማስረጃ በስማቸው የመጣ የጋዝ ቢል ጠየቀኝ። ቢሉ የሚመጣው በልጃቸው በዲና ስም ነው። ፎቶ ያለበትን የአውቶቡስ ፓሳቸውን አቀረብኩ፤ አይበቃም ተባልኩ። አሳማውን ግን «በእርግጥ የነበረ» ብላችሁ መዝግባችሁታል። የጋዝ ቢሉን ከየት እንዳመጣ ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ስለዚህ ጽሑፉ እሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዲታረም በትሕትና እለምናለሁ።

መኖርዎን ለአፍታም ሳልጠራጠር፣ እጅ እየነሣሁ፣
ፀሐይወርቅ ዘርይሁን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሁን አጥፊው እርስዎ ስለሆኑ ሽማግሌ መላክ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ሽማግሌ ከየት ያመጣሉ ብለው አዝነውልዎ፣ ጋሽ ኪዳነማርያም ለእርስዎ ሽማግሌ ሆነው ሊያስታርቁዎ ፈቅደዋል። ማክሰኞ ጠዋት ይዣቸው እመጣለሁ። እባክዎ ለዘበኛው ይንገሩልን፤ ሦስት ወንበርም ያዘጋጁ። ሁለቱ ባዶ ይሆናሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሰው ይቀመጣል።