አባትሽ ያንኮራፋበት ከሰዓት

ሰኞ፣ መጋቢት 9

የኔ ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ?

ሌላውን ከማውራቴ በፊት ልንገርሽ፤ አባትሽ ደህና ነው። ይህን ስጽፍ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ስለ ሱሪ ቁመት ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ስለዚህ ተረጋግተሽ አንብቢ።

አንቺ ውጭ አገር ከሄድሽ ወዲህ እንቅልፍ እንደራቀው በስልክ አልነገርኩሽም። "ሐኪም ዘንድ ሂድ" ስለው "እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ በሽተኛ ነኝ እንዴ?" ይለኛል። ለካስ ተደብቆኝ ሄዷል፤ ማታ ማታ የእንቅልፍ ኪኒን ይውጣል። ልትጠይቀን መጥታ እዚሁ የከረመችው አክስትሽ ደግሞ የወንድሟ ነገር አንጀቷን ቢበላት፣ ለእሷ የታዘዘላትን የእንቅልፍ ኪኒን በሚጠጣው ወተት አሟሙታ ልታጠጣው ቆረጠች። እሱ ከእኛ ይደብቃል፣ እሷ ከእሱ ትደብቃለች፤ እኔ የዋህ ወተት አሞቃለሁ።

ቅዳሜ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ከምሳ በኋላ የሳል ሽሮፕ ጠጣ። ቀን ልተኛ ብሎ ኪኒኑን በስውር ዋጠ፤ ወተቱንም አስከተለበት። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ። አክስትሽ በሩን ገርበብ አድርጋ "እሰይ፣ ተኛልኝ። ወዮለት የሚቀሰቅሰው" አለች።

እኔ ግን የባሌን ማንኮራፋት አውቀዋለሁ። ይሄኛው እንደተዘጋ ቧንቧ ይንቦጫረቅና ድንገት ጸጥ ይላል። ገብቼ ትከሻውን ነቀነቅኩት፣ በስሙ ጠራሁት። አይነቃም። ከንፈሩ ጠቁሯል።

አምቡላንስ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በእርጋታ ታዘኝ ጀመር። "እናቴ፣ በጎኑ አስተኚው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጊለት። ትንፋሹን እያየሽ ንገሪኝ፤ ስልኩን እንዳትዘጊው።" አክስትሽ "ውሃ ላጠጣው" እያለች ስትሮጥ ሴትየዋ በስልኩ ሰምታ "ምንም እንዳታጠጡት፣ ያንቀዋል። እንዲያስታውክም አታድርጉት። የወሰደው መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ" አለች። ኮቱን ስበረብር ጉዱ ወጣ፤ ሊያልቅ የተቃረበ የኪኒን ማሸጊያ።

አንቺን የምታክል ነርስ ከአምቡላንሱ ወረደች። አፍና አፍንጫው ላይ ጭንብል ገጥማ፣ ከጭንብሉ ጋር የተያያዘውን ከረጢት በእጇ ትጨምቅ ጀመር። ልጄ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገርሽ። ስትጨምቅ የአባትሽ ደረት ቀና ይላል፤ ስትለቅ ዝቅ ይላል። ያ በአንድ ቃል ቤቱን የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ በአንዲት ቀጭን ልጅ መዳፍ ውስጥ ይተነፍሳል። እኛ ሁላችን በነጻ የምንስበው ነገር ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ገና ማወቄ ነው። አምቡላንሱ ውስጥ እኔም ሳላስበው ከእጇ ጋር እኩል እተነፍስ ነበር።

ሆስፒታል ሐኪሙ ማሸጊያውን አገላብጦ አየና "ከዚህ የሚታዘዘው አንድ ኪኒንና የነገሩኝ ሽሮፕ ብቻ እንዲህ አያደርገውም። ሌላ የወሰደው ነገር አለ?" አለ። እኔ ምንም አላውቅም። አክስትሽ የነከሰችውን ነጠላ ከጥርሷ አውጥታ "እኔ ነኝ" አለች። "ወተቱ ውስጥ ሁለት ጨምሬያለሁ። የኔን። እንዲተኛልኝ ብዬ ነው፣ ዶክተር።"

ሐኪሙ አልተቆጣትም። "መናገርዎ አገዘው" አለ። የሚያነቃ መርፌ አለ፤ ሆኖም ኪኒኑን ለለመደ ሰው መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ትንፋሹን እያገዙ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ መጠበቅ መረጡ። ጠበቅን። ጭንብሉ ወልቆ ደረቱ በራሱ ብቻ ቀና ሲል ከአክስትሽ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ቆምን።

ዓይኑን እንደገለጠ "ሸሚዜን ማን ነው እንዲህ የቀደደው? በስፌቱ በኩል ቢቆርጡ ምናለበት?" አለ። ነርሷ እየሳቀች ይቅርታ ጠየቀችው።

አሁን ኪኒኑ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አክስትሽም የራሷን አስረከበችኝ። ባንዴ ማቆም አደጋ ስላለው ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰለት ነው፤ የሳል መድኃኒትም ሳይጠይቅ አይነካም። አንቺም እዚያ እንቅልፍ ቢያስቸግርሽ የሰው ኪኒን እንዳትቀበዪ።

አንድ ነገር ብቻ። ምሽት ላይ መቀሱን ያስቀምጥና "እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ይሆን?" ይለኛል። የት እንደሆነ አይናገርም፣ ስምሽንም አይጠራም። እኔ በግምት እመልስለታለሁ። በግምት ከሚሆን ግን አንቺው ደውለሽ ብትነግሪው።

ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ፤ መኝታሽ የሰላም ይሁን።

እናትሽ