ዳማ የሚባል አያት የለንም

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሦስት ብሮውዘር፣ ሦስት አካውንት፣ አንድ ጭንቅላት። እሱም የኔ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሞ የቀረ።

ራሴው ሳልደናገር ልጻፈው። የዘር ሐረግ የሚሠራበት ድረ ገጽ በነጻ የሚሰጠው ለአንድ አካውንት አንድ ዛፍ ነው። ሁለተኛ ካማረህ ክፈል ይልሃል። እኔ ደግሞ ክፈል የሚለኝን ነገር አልወድም። በአንድ ብሮውዘር ሁለት አካውንት ልክፈት ስትል አንዱ ሌላውን ያባርረዋል። ስለዚህ ብሮውዘሮቹን በምልክታቸው እንዲህ አከፋፈልኳቸው፦

ባለ ቀለሙ ኳስ፦ የኛ ቤት።
ቀበሮው፦ የቶሎሳ ቤት።
ቀይ ቀለበቱ፦ የናቲ ቤት።

ቶሎሳ የታላቅ እህቴ የሃዊ እጮኛ ነው። አቦምሳ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል፤ ሲስቅ ራሱ ፓምፕ ይመስላል (ለሃዊ እንዳትነግሩብኝ)። ጥር ላይ ሠርግ ሊሆን ነበር የታሰበው፤ አጎቱ ኦቦ ሁንዴ ግን ከአቦምሳ ደውለው «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ቀን አይቆረጥም» አሉ። እስከ ሰባተኛ አያት ድረስ የሚያገናኝ ሰው ከተገኘ ጋብቻ የለም ማለታቸው ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ በኛ በኩል መቁጠር የሚችሉት ዓለም ጤና ያሉት አያታችን አካኮ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የሽንኩርት ማሳቸውን ትተው ንቅንቅ አይሉም። እኔ ተነሳሁና «ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፤ እኔ እቆጥራለሁ» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ለኦቦ ሁንዴም ድረ ገጹን በቶሎሳ በኩል ስልካቸው ላይ አስጫንኩላቸው።

የቶሎሳን ቤት ዛሬ ስድስተኛው አያት ድረስ አደረስኩት። አባ ዳማ ይባላሉ። ጓደኛዬ ናቲ ከኋላዬ አጮልቆ «አባ ዳማ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

«የዳማ አባት ነዋ! ልጃቸው ዳማ አይደል እንዴ ከተማችንን አዳማን የቆረቆረው? ስሙ ራሱ አይነግርህም? ኧረ ናቲ፣ አታሳፍረኝ!»

አመነ! በእግዜር አመነ! ዳማ እኮ ፈረስ ነው። ቀይ ፈረስ። የድሮ ሰው በፈረሱ ነበር የሚጠራው፤ ዳማ ፈረስ ያለው አባ ዳማ፣ ቦራ ፈረስ ያለው አባ ቦራ። ሳቄን ውጬ የተሰበረ ስክሪን ማጽዳት ጀመርኩ። ነገ እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ ይመንበት።

እኔና ናቲ ሞባይል ቤቱ ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው። ላፕቶፑ የጋራ፣ የይለፍ ቃሉ የጋራ፣ ምሳው የጋራ። አባቱን አያውቅም። ዛፉ ላይ እሱና እናቱ ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ሳጥን። እኔን «ወንድም» ብዬ ጨመርኩለት። ቢያንስ ዛፍ ይምሰል።

የኛ ቤት ቡልቻ ጋ ቆሟል። ቡልቻ የአካኮ አያት ናቸው። ከሳቸው በላይ ያለው ሳጥን ባዶ ነው። እሑድ ዓለም ጤና ሄጄ አካኮን እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ኢንዱስትሪ ፓርክ ሄጄ የልብስ ስፌት ልጆችን ስልክ መለስኩ። ለአንዷ የጥሪ ድምፅዋን የፍየል ጩኸት አድርጌላታለሁ። አለቃዋ ፊት ሲጮህ ማየት ነበር የሚያምረኝ።

ናቲ ምሳ አልሄድም፣ ሱቁን እጠብቃለሁ አለ። ታታሪ ልጅ።

ፈረሱን ልነግረው ረሳሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኗል።

ጠዋት ኦቦ ሁንዴ ደወሉ። ድረ ገጹ «እንኳን ደስ አላችሁ! ሁለት ዛፎች ተገናኝተዋል» የሚል መልእክት ልኮላቸዋል። እንኳን ደስ አላችሁ! «ልጆቹ ስድስተኛ አያት ላይ አንድ ናቸው» አሉ ለእማ። «እህትና ወንድም ልናጋባ ነበር። ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ይቁም።»

እማ ስልኩን እንደያዘች ቁጭ አለች። ሃዊ ስልኳን አወጣች፣ የኛን ዛፍ ከፈተች፣ አፍንጫዬ ስር አመጣችው። ከቡልቻ በላይ፣ ባዶው ሳጥን ውስጥ፦ ዳማ። ከዳማ በላይ፦ አባ ዳማ። ዳማን ስትነካው ደግሞ፦ «ሥራ፦ የአዳማ ከተማ መሥራች።»

«ይሄ የማን ቀልድ ነው?» አለችኝ።

ምን ልበል? ቀልዱ የኔ ነው። ያስገባሁት ግን እኔ አይደለሁም።

«ሃዊዬ ሙቺ፣ እኔ አይደለሁም!»

«በኔ አትማል! ባለፈው የጎረቤቱን በግ የአክስታችን ልጅ አድርጎ ያስገባው ማነው? ባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ ያስለቀሰኝ ማነው? በሠርጌ ትቀልዳለህ ገሜ? በኔ ሠርግ?»

በሩን በላዬ ላይ ዘጋችው። ሳጥኑን አጠፋሁት፣ ለኦቦ ሁንዴ ደወልኩና «ኦቦ፣ ስህተት ነው፤ ዳማ እኮ ፈረስ ነው!» አልኳቸው።

«ፈረሱንማ አውቀዋለሁ» አሉ። «እኔ የፈራሁት የተቀመጠበትን ሰው ነው። ደግሞ ዘመድ በጣት ተነክቶ አይጠፋም፤ ስታጠፋው ጭራሽ ጠረጠርኩህ። የቡልቻ አባት ማን እንደሆነ፣ አባ ዳማ ይባል እንደሆነና እንዳልሆነ አያትህ በአፉ ይንገረኝ። እሑድ ዓለም ጤና እመጣለሁ።»

አካኮ ስልክ አይሰሙም፤ ጆሯቸው ከብዷል። እሑድ ሩቅ ነው።

ያን ቀልድ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ይሄን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። አልወደድኩትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሊሆኑ የሚችሉ፦
ጠላፊ። (እኛን ሽንኩርት አራሾቹን ሊጠልፍ? ሥራ ፈት!)
ማሽኑ ራሱ ተሳስቶ።
የቶሎሳ የድሮ ፍቅረኛ፣ ካለችው።
እኔ፣ በእንቅልፍ ልቤ።

የለውጥ ታሪክ የሚል ቦታ አለ። ገባሁበት። «ለዋጭ፦ ገመቹ። ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ።» ገመቹ እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ገመቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍየል ሲያስጮህ ነበር። ኳሱ ያለበት ላፕቶፕ ሱቅ ነበር። ሱቅ የነበረው...

ናቲ አይደለም። ናቲ የልደቱን ኬክ ለኔ ሁለት ጊዜ የሚቆርስ ልጅ ነው። ታይፎይድ ይዞኝ ስተኛ ሐኪም ቤት በር ላይ ያደረው እሱ ነው። ናቲ አይሆንም፤ በቃ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምንም አልጠየቅኩትም። እሱም ሃዊ ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቀኝም። ሰፈሩ በሙሉ ጠይቆኛል። እሱ አልጠየቀኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጠየቅኩት።

እየሳቅኩ ነው የጀመርኩት፤ ሌላ አጀማመር አላውቅም። ስልክ ፈትቶ ብሎን እየለቀመ ነበር።

«ናቲ፣ ለመሆኑ አዳማን የቆረቆረው ማነው?»

«ዳማ ነዋ፤ አንተ አይደለህ የነገርከኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ዳማ ፈረስ ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ፈረስ! ጭራ ያለው፣ ገብስ የሚበላ! ፎግሬህ ነበር። ፈረስ ነው አያት ያደረግክልኝ!»

ይስቃል ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ «አቦ ገሜ፣ ለሙድ ነው» ብሎ እንዲስቅልኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢስቅ እኔም እስቅ ነበር። አልሳቀም።

«ሃዊ አቦምሳ ሄዳ ልትቀር ነው» አለ።

እዚህ ጋ ነው የገባኝ። ለካ ቤታችን እየመጣ ቴሌቪዥኑ ሳይበላሽ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ሃዊን ለማየት ኖሯል።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ? ላንተ የተነገረ ነገር ማታውን የሰፈር ቀልድ ነው። ደግሞ አንተ ነህ ወንድም ብለህ ያስገባኸኝ። ማሽኑ ወዲያው ሃዊን እህትህ ናት ብሎ አወጣልኝ። ወንድም አድርገኝ ያለህ ማነው?»

«እሺ ይሁን። ለምን በኔ ስም?»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ክዳን ላይ ደረደራቸው።

«አንተ የለመድከው ነው። ተቆጥተው ይረሱልሃል። እኔን ግን ዳግም በራቸውን አያስረግጡኝም።»

እንዲህ ነው ያለኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩት። አስቦበት ነው። የኔን ስም የመረጠው ርካሽ ስለሆነ ነው። በሱ ቤት እኔ ሲጠፋም የማይቆጭ ዕቃ ነኝ። ጃንጥላ እንኳን ሰው ሲዋስ ይጠይቃል።

ሱቁን ትቼለት ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ ቀየርኩ። የኳሱን፣ የቀበሮውን፣ የስልኬን፣ የኢሜይሌን። የድሮው የሁለታችን ስም ተገጣጥሞ ነበር፤ አዲሱን አልጽፈውም፣ እዚህም አልጽፈውም።

ለእማ «ናቲ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። «ደግሞ በሰው ልጅ ልታላክክ?» አለችኝ ገና ሳልጀምር። አፌን ዘጋሁ። ፎጋሪ ሰው እውነት ሲናገር ድምፁ ያው ነው ለካ።

ሃዊ ሽሮ አቀረበችልኝ፣ ጨው የለውም። አወቀችበት። ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ነገ አካኮ «አባ ዳማ» ካሉ ሁሉም ነገር አለቀ። የናቲ ውሸት እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ዳማ ፈረስ እኮ ስንት ሰው ነበረው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዓለም ጤና። ሚኒባሱ ውስጥ ሃዊ ከእማ ወዲያ፣ እኔ ከጆንያ ወዲህ። ቶሎሳና ኦቦ ሁንዴ ቀድመውን ደርሰዋል። ቶሎሳ ፓምፕ አይመስልም ነበር፤ የተነቀለ ሽንኩርት ነው የመሰለው።

አካኮ ሽንኩርት ከሚለቅሙበት ተጠርተው መጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ «አካም ጅርቱ» ብለው ሁሉንም ሰላም አሉ። ኦቦ ሁንዴ ጆሯቸው ስር ተጠግተው ጮኹ፦

«የቡልቻ አባት ማን ይባላሉ?»

አካኮ ዐይናቸውን ጨፍነው ከራሳቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ፤ በአንድ ትንፋሽ።

«ቡልቻ... ሮባ» አሉ።

«ሮባ!» አሉ ኦቦ ሁንዴ። «የፈረስ ስማቸውስ? አባ ማን?»

«ኣ?»

«ፈረሳቸው! ፈረሳቸው ምን ዓይነት ነበር?»

አካኮ አንድ በአንድ አዩን። ሃዊ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች።

«የሮባ ፈረስ?» አሉ። «ፈረስ ከየት አምጥቶ? ድሃ ነበር እኮ። አህያ ነበረችው። አንዲት።»

ከዚያ ኦቦ ሁንዴ ሳቁ። እንዲህ የሚስቁ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። «አባ ሀሬ በሉኛ!» አሉ፤ ሀሬ በኦሮምኛ አህያ ነው። «እኛ የባለፈረስ፣ እናንተ የባለ አህያ! ምን ሊያገናኘን!» አካኮ ምኑ እንዳሳቀን አልገባቸውም፤ እየሳቁ ግን «አህያዋ ጠንካራ ነበረች» አሉ። ቀሪውም እስከ ሰባተኛው ቤት ተቆጠረ፤ አንድም የሚገናኝ ስም የለም። ቀን ተቆረጠ። ጥር ላይ።

ሁሉም ሲመራረቅ እኔ ሽንኩርቱ መሃል ገባሁ። ሃዊ ተከትላኝ መጣች።

«አንተ አይደለህም» አለችኝ።

«አሁን ነው የገባሽ?»

«አንተ ብትሆን ፈረስና ሰው አይምታታብህም። ደግሞ አንተ ብትሆን ቀጥታ አህያዋን ነበር የምታስገባው።» ጠጋ አለችኝና «ናቲ ነው፣ አይደል?»

አንድ ሽንኩርት ነቀልኩ።

«አስተያየቱን አውቀዋለሁ» አለች። «ዝም ስለው ይተወዋል ብዬ ነበር። ላንተ ነበር መንገር የነበረብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቃለህ ብዬ።»

እሷም! ሽንኩርት መሃል መሆኔ ጠቀመኝ፤ ዐይኔን ማንም አልጠየቀውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

በባዶው ሳጥን ውስጥ ሮባ ብዬ ጻፍኩ። ሥራ በሚለው ላይ ምንም አልጻፍኩም። እጄን አሳክኮኝ ነበር፤ አልጻፍኩም።

ናቲ ሱቅ አልመጣም። መፍቻዎቹ በቦታቸው ናቸው። ዓርብ የፈታት ስልክ ተገጥማ፣ ጸድታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

ቀይ ቀለበቱን፣ የናቲን ቤት ከፈትኩ። ራሴን ከዛፉ ላይ ላወጣ ነበር፤ መቼም ወንድም አድርገኝ ያለኝ የለም። ዘግቶብኛል ብዬ የድሮውን የይለፍ ቃል፣ የሁለታችንን ስም ጻፍኩ።

ተከፈተ። አልቀየረውም።

እናቱ አለች። እሱ አለ። ሃዊ የለችም፤ አውጥቷታል። እኔ አለሁ፣ «ወንድም» ተብዬ። ትናንት እንደተነካ ይላል፤ ሃዊን ሲያወጣ እኔን አይቶኝ አልፏል ማለት ነው።

«አስወግድ» የሚለው ላይ ጣቴን አድርጌ ቆየሁ። ይቅር አላልኩትም። ይሄን በደንብ ልጻፈው፤ ይቅር አላልኩትም።

አንዲት ሴትዮ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ገባች። «ያ ዝምተኛው ልጅ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ። «እኔ አለሁ።»

ቀለበቱን ዘጋሁት። ዘጋሁት ነው ያልኩት፤ አላስወገድኩም።