ስምንተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የመምረጫ ፈተናውን አርሜ ጨረስኩ። መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሠላሳ ተማሪ ተመርጦ ቅዳሜና እሑድ ደሴ ልዩ ማጠናከሪያ ይማራል። የሒሳቡን ፈተና ያወጣሁት እኔ። ያረምኩትም እኔ። ማን አለና? አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ቲቸር አሪፋ እያለሁ!

ስምንተኛውን ጥያቄ ሁሉም አግኝተውታል። ሁለት እኩልታ በማትሪክስ ፍቱ ነው የሚለው። ኤክስ ሦስት፣ ዋይ ሁለት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ማትሪክስ መደመር ያቃተው ሁሉ «x = 3» ብሎ ከሥሩ ሁለቴ አስምሮበታል። ወይ ጎበዝ! ጎበዟ እኔ ነኝ እንጂ… ልፋቴ ፍሬ አፈራ።

አንዷ ብቻ። ነጅዋ ጁማ። «መልስ የለውም» ብላ ከሥሩ ሦስት መስመር ሞነጫጭራለች። ሲያቅታቸው መልስ የለውም! ዜሮ። በቀይ እስክሪብቶ፦ «ስንፍና መልስ አይሆንም!» ጥሩ አባባል ወጣኝ። ለሌላ ጊዜ ልያዘው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ወረቀት መለስኩ። የነጅዋን ስሰጥ አባባሌን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ክፍሉ ሳቀ። አልኩ እኮ፣ ጥሩ አባባል ነው።

ዝርዝሩም ተለጠፈ። ሠላሳኛዋ ሀውራ፣ የእህቴ ልጅ። እህቴ ኑርሀያት ደውላ እልል አለችብኝ። ነጅዋ ሠላሳ አንደኛ። በአንድ ነጥብ።

በእረፍት ሰዓት መጣች።

«ቲቸር፣ ስምንተኛው ላይ ምኑን ነው የተሳሳትኩት?»

«መልሱ ተለጥፏል። አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ግን…»

«ግን የሚባል ሒሳብ የለም።»

ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ሄደች። አላኮረፈችም፣ አልተከራከረችም። ብትከራከር ይሻል ነበር…

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የዛሬውን እንዴት ልጻፈው?

ስምንተኛውን በግራፍ ላሳያችሁ አልኩ። ማን አስገደደኝ? «ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ መልሳችን ነው» ብዬ አንዱን ሣልኩ። ሌላውን ሣልኩ። አይገናኙም። ማስመሪያው ተንሸራትቶ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ ደገምኩ። ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ እንደተኳረፈ ባልና ሚስት።

ከኋላ አንዱ፦ «ቲቸር፣ ሰሌዳው አጥሮ ይሆን?»

«ይሆናል» አልኩ። አልኩ! እኔ! ደወሉ አዳነኝ።

መምህራን ክፍል ገብቼ የአምና ፈተናዬን ፈለግሁ። ጥያቄው ያው ነው፤ አዲስ ማውጣት ምን ያደክማል? የአምናው 2x + 3y = 12 እና 4x − 6y = 0። ዘንድሮ ራሴ ስተይበው 4x + 6y = 0። መቀነስ የነበረው መደመር ሆኗል። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት፣ ሦስት በአራት አሥራ ሁለት፣ ሲቀናነስ ዜሮ። ዲተርሚናንቱ ዜሮ፣ መስመሮቹ ትይዩ። መልስ የለውም።

ታዲያ መቶ አሥራ አንዱ ልጆች መልሱን ከየት አመጡት? የፊዚክሱ የኋላሸት በሳቅ ሞተ።

«የአምናው ፈተናሽ እኮ ከነመልሱ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ስለዚህ ጥያቄውን የሠራችው አንዲት ልጅ ናት። እሷን ሰነፍ አልኳት። ሦስቱን መስመር አላነበብኳቸውም… ሦስት መስመር!

ነጅዋ ዛሬ አልመጣችም። ትናንትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬም የለችም። የሰፈሯ ልጅ ነገረችኝ። አባቷ «ደሴ ከተመረጥሽ ትማሪያለሽ፣ ካልሆነ አክስትሽ ጅዳ ትውሰድሽ» ብሏት ነበር። የፓስፖርት ጉዳይ ተጀምሯል።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ።

«ስምንተኛው ጥያቄ ይሰረዝ።»

«መቶ አሥራ አንድ ተማሪ አሥር አሥር ነጥብ ሊያጣ? ዝርዝሩ እኮ ማኅተም አርፎበታል።»

«ማኅተም ዲተርሚናንት አይቀይርም።»

«እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ነጅዋ ስትገባ ማን እንደምትወጣ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ሀውራ።

ረጋ ብዬ አሰብኩበት። ዝም ብል ማን ያውቃል? የኋላሸት። እሱ ስቆ ይረሳል። ነጅዋ እንደሆነች ዝም ብላለች። እህቴ ደስ ብሏታል፣ ዳይሬክተሩ ደስ ብሎታል። እንዴት ያለ ሰላም ነው! የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ… እሱም ጅዳ ይሄዳል።



ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወደ አርዲቦ፣ ወደ ነጅዋ ሰፈር ወጣሁ። ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅ አውርዶኝ ተመለሰ፤ የቀረውን በእግር። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጌ። ብልህ ሴት!

አባቷ ጋሽ ጁማ ሽንኩርት ውኃ ያጠጣሉ። ነጅዋ ወዲያ ማዶ ታርማለች። አየችኝ፤ ቀና አላለችም።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። መምህሯ ነዎት? ምን አጠፋች?»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። «የኅትመት ግድፈት» ምናምን የሚል። አልወጣልኝም። ጎን ለጎን የወረዱትን ሁለት ቦዮች አሳየኋቸው።

«እነዚህ የት ይገናኛሉ?»

«ከተገናኙማ የቆፈረው ሰው ተኝቶ ነበር።»

«ልጅዎ የጻፈችው እሱን ነው። አይገናኙም አለች። እኔ ይገናኛሉ ብዬ ዜሮ ሰጠኋት።»

አካፋቸውን ተክለው ቀና አሉ።

«ታዲያ እርስዎ እንዴት መምህር ሆኑ?»

ወላሂ፣ ይህኛውም ጥያቄ መልስ የለውም። ነጅዋ በሻሿ አፏን ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

«ይስሙኝ መምህሬ» አሉ። «ልጄን ሰነፍ ያሏት ሰው ፊት ነው። ይህን ለእኔ ሽንኩርት መሀል ቢነግሩኝ ምን ይሠራል? ሰው ፊት ይበሉት። የጅዳውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።»

ነጅዋ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ።

«ቲቸር፣ በምርቃት ነጥብ አልፈልግም።»

«ምርቃት አይደለም። የራስሽ ነው።»

«እሺ» አለች። ይቅርታ አድርጌያለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኩ… እዚያ ድረስ ሄጄ ለምን አልጠየቅኩም?

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ማይኩን ያዝኩ። ዓመቱን ሙሉ ሲንሾካሾክ የሚኖር ማይክ ዛሬ ድምፁ እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማል።

«ስምንተኛው ጥያቄ መልስ የለውም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነጅዋ ጁማ ትክክል ነበረች። የጻፈችውን ሳላነብ ሰነፍ አልኳት። ነጅዋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሳቅ ጠብቄ ነበር። ማንም አልሳቀም። ያ ይብሳል። ማይኩን መልሼ ወረድኩ። ጋሽ ጁማ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር፤ አንዴ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ዳይሬክተሩ አላናገረኝም። ኑርሀያት ስልክ አታነሣም። ሀውራ ግን ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ።

«አክስቴ፣ እኔም ከቴሌግራም ነው የቀዳሁት።»

አላህ ይስጥልኝ! እንዴት ያጽናናል። ከዚያ ደግሞ አቀፈችኝ… እዚያው አለቀስኩ። ተማሪ እያየ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ጥያቄው ተሰረዘ። ነጅዋ ዘጠነኛ ሆነች። ሀውራ ወጣች። የጅዳው ነገር ቆሟል። «ለዘንድሮ» ብለዋል አባቷ። ዘንድሮም ዓመት ነው።

ፈተና ከማውጣት ተነሥቻለሁ። «ለከፈሉት መሥዋዕትነት እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለት የፊደል ስህተት አለበት። አላረምኩትም።

ኑርሀያት ዛሬ ስልክ አነሣች። «ደህና ነኝ» ብላ ዘጋች። እሱም ጅምር ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ሮቴሽን ጀመርን። ሦስት ማዕዘን በማትሪክስ ዘጠና ዲግሪ ወደ ግራ ማዞር። ጻፍኩ፣ አባዛሁ፣ ሣልኩ። ልቀጥል ስል እጅ ወጣ። ዑበይዱላህ፤ ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ።

«ቲቸር… ወደ ቀኝ ነው የዞረው።»

ሌላ እጅ። ሌላም። ሰባት ቆጠርኩ።

«እርግጠኛ ናችሁ?» አልኩ። ስንቱን እጅ ያወረድኩባት ድምፄ ናት።

ማንም አላወረደም። ደስ ሲል… እንዴት እንደሚያናድድም!

ጠመኔውን ለዑበይዱላህ ሰጠሁት። ሰሌዳው ጋ ቆሞ ምልክቶቹን ሲያስተካክል የምቀመጥበት አጣሁ፤ ዴስኩ ሁሉ ሞልቷል። ነጅዋ ደብተሯን ሰበሰበችና ጠጋ አለችልኝ።