የእታለም ክንድና ማግኔቷ

ጥር 11
ሁለት ሬዲዮና አንድ ማራገቢያ ጠገንኩ። ሌላ ደንበኛ የለም። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የኔም ሱቅ ባዶ፣ የጎረቤቴ የፀጉር አስተካካዩም ወንበር ባዶ። ፕሮፌሰር ነው የምንለው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ። ሥራ ግን አልፈታንም። «የነቁ» የሚባል ግሩፕ ስልክ ላይ ከፍቷል። መቶ አርባ ሰው ነን። ክትባቱ ውስጥ ምን እንደተጨመረ የምናውቀው እኛ ብቻ።

የተከተበ ክንድ ማግኔት ይስባል አሉ። ዛሬ ስለዚህ ሲወራ አንዱ «ባለሙያው ምን ይላሉ?» ብሎ ጻፈ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ከደስታ ብዛት ራቴን በወጉ አልበላሁም።

ጥር 14
ልጄ ደወለች። መጋቢት መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። ስምንት ዓመት የጠበቀችው ልጅ... ሲራገጥ ዋለ ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ድምጿ ቀጠነ። ሁለቱንም ዙር ክትባት ያልወሰደ ሰው ሕፃኑን አያቅፍም አለች።

«አንተንም ጭምር ነው፣ አባዬ።»

እኔንም? እናቷ ከሞተች በኋላ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ትምህርት ቤት የላክኋትን ሰውዬ? ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ቆይ ብቻ። ማስረጃ አመጣላታለሁ። በዓይኗ ስታይ ራሷ ታመሰግነኛለች።

ጥር 15
እታለም ተከትባ መጣች። ማንንም ሳታማክር። ታላቅ እህቴ ናት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ የምትኖረውም ከኔ ጋር። እንዴት ዝም ብለሽ ትሄጃለሽ ብላት፣ በሰባ ዓመቴ ካንተ ፈቃድ ልጠይቅ ወይ አለችኝ።

ተናደድኩ። ደግሞ ደስ አለኝ... የተከተበ ክንድ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ጥር 16
ተጣበቀች።

ከአሮጌ ኢርፎን ያወጣኋት ቀጭን ማግኔት፣ የጣት ጥፍር የምታህል። እታለም ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቶሎ በል ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችልኝ። ክንዷ ላይ አስጠጋኋት፣ ቁጭ! ወዴት ትወድቃለች። «ባለሙያ ነኝ፣ በገዛ እጄ ነው የሞከርኩት» እያልኩ ቪዲዮ ቀረጽኩና ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ፕሮፌሰሩ እየሮጠ መጥቶ፣ በዚህ ወረርሽኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ። ክንፍ አወጣሁ።

እታለም ማግኔቷን እንደለጠፈች ሽንኩርቷን ከተፈች።

ጥር 17
ጉድ ሆንኩ።

ሱቅ ቁጭ ብዬ ማግኔቷን እንደ ጨዋታ የራሴ ክንድ ላይ ባደርጋት... ተጣበቀች። ያልተከተበው ክንዴ ላይ! ለጥቂት ደቂቃ፣ አምና ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም የወጋኝ መርፌ ምን ነበር ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አሰብኩ። ከዚያ ከሬዲዮ የወለቀች የፕላስቲክ ክዳን አነሳሁና ለጠፍኩ። እሷም ተጣበቀች። ፕላስቲክ!

ቴስተር ደህናውንም የተቃጠለውንም ሽቦ እኩል ካነበበ፣ የተበላሸው ራሱ ቴስተሩ ነው። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ? ቤት ሄጄ የኔንም የእታለምንም ክንድ በሳሙና አሽቼ አደረቅኩ። ማግኔቷም ክዳኗም ወደቁ። ለካ እታለም ጠዋት ማታ ቅባት ትቀባለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማሽን ዘይት ስነካካ እውላለሁ። ኩም አልኩ።

ቪዲዮው ግን ሄዷል...

ጥር 18
ቪዲዮው ልጄ ሥራ ቦታ ደርሷል። ባልደረባዋ ናት ያሳየቻት።

«ድምፅህ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። ስልኩን ዘጋችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ የሚያይ የለም፣ ልጻፈው። ማግኔቷ እንድትጣበቅ ፈልጌ ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ከሩቅ ይሸሻል። ስለ በሽታው ዛሬ አንድ ነገር ይነገራል፣ ነገ ሌላ። ግሩፑ ውስጥ ግን ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረው። እኔንም የሚጠይቀኝ ሰው ነበረ። ባለሙያው ከተባልኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ጥር 20
ሁለተኛ ቪዲዮ ቀረጽን። አዛዧ እታለም። በቅባት ሲጣበቅ፣ በሳሙና ሲታጠብ ሲወድቅ። ክዳኗንም አሳየን። እታለም ይህ አይበቃም ብላ የሻይ ማንኪያ ግንባሯ ላይ ለጠፈች። ሳቅ እየያዘን ሦስት ጊዜ ደገምነው። መጨረሻ ላይ «ተሳስቻለሁ፤ ባለሙያ ነኝ አልኩ እንጂ እንደ ባለሙያ አልፈተሽኩም» አልኩ። ከአፌ እስኪወጣ ከበደኝ። ከወጣ በኋላ ቀለለኝ።

ግሩፑ ላይ ለቅቄው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ፕሮፌሰሩ አስወጣኝ። አንዱማ በዚህኛው ቪዲዮ ላይ ያለው እኔን የሚመስል ሌላ ሰው ነው ብሏል አሉ። እታለም በሳቅ ልትሞት።

ለልጄም ልኬላታለሁ፤ አይታው ይሆን? አልደወለችም።

ጥር 23
ተከተብኩ። ነርሷን ጠርሙሷን አሳዪኝ አልኳት፤ አሳየችኝ። የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ፈራሁ? አዎ፣ ፈራሁ። እታለም እንደ ትንሽ ልጅ እጄን ይዛ ቆመች። ለልጄ «አንዱ አልቋል» ብዬ ጻፍኩላት። አንድ ቀይ ልብ ብቻ ላከችልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የካቲት 2
ፕሮፌሰሩ የፀጉር ማድረቂያ ተበላሸብኝ ብሎ መጣ። ፈታሁት፣ ምንም አልሆነም። አልሄድ አለ። በሩን ገርበብ አደረገና እናቱ ክፉኛ እንደሚያስላት ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ጋሼ... ያማል እንዴ?»

ልቀልድበት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኑን ሳየው ተውኩት። እንደ ጉንዳን ንክሻ ነው፣ የኔ ሁለተኛ ክትባት ቀን አብረን እንሄዳለን አልኩት።

የካቲት 20
ሁለተኛዬን ወሰድኩ። ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያውን። መርፌው ገና ሳይነካው ራሱን ሳተ። ነቅቶም ተወጋ፣ ጀግና ነው።

መጋቢት 29
ሴት ናት። ከሆስፒታል ዛሬ ወጡ፣ ከቀትር በኋላ ቤቷ ሄድኩ። እጄን ሁለቴ ታጠብኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ገና ስታየኝ አለቀሰች፣ እኔም አላስቻለኝም። ተቀመጥ አለችኝ። ተቀመጥኩ። አምጥታ ክንዴ ላይ አስተኛቻት።

እንዴት ያለች ቀላል ነገር ናት... ትተነፍሳለች፣ ታዛጋለች። ስለ ቪዲዮው ልጀምር ስል ልጄ «ይቅር፣ አባዬ፣ ሁለተኛውን ደጋግሜ ነው ያየሁት» አለች። ማንኪያዋ ላይ ስትደርስ ሆዷን ይዛ እንደሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ አጠገቤ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ከወለደች ወዲህ ዓይኗን በቅጡ አልከደነችም፤ ማንም ሰው ሕፃኗን ሲይዝ ቆማ ነው የምትጠብቀው።

ዛሬ ግን ልጇን እኔ እንደያዝኩላት ተኛች።