ለአያቴ ያሳጠርኩት ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አባዬ፣

ለአንተ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ከተለየኸን አምስት ወር ሆነ። አላህ ይዘንልህ።

እዚህ ሀይ ጀላባ ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቅህን እማዬ ይዛዋለች። በአረብኛ ዋጋ መከራከር ታፍር የነበረችው እማዬ አሁን «ካላስ! በቃ!» ብላ ጨርቁን አጥፋ ወደ መደርደሪያው ስትመልሰው ብታያት ትስቅ ነበር። እኔ እንደተመኘህልኝ ኮሌጅ ገብቻለሁ፤ የቢሮ ሥራ አጭር ኮርስ ነው። አሁንም ከኋላ ነው የምቀመጠው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራችን ለአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። እኔ የማውቀው ደግሞ ያንተን ደብዳቤ ብቻ ነው። ዓይንህ ከደከመ ጀምሮ ደሴ ላለችው እናትህ የምትለውን የምጽፍልህ እኔ ነበርኩ። ጆሮዋ በደንብ ስለማይሰማ በስልክ ማውራት አትችልም፤ ፎቶ አንስተን በስልክ የላክነውን አብራት ያለችው አክስቴ ፋጡማ ጮክ ብላ ታነብላታለች። አንተ ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አትገባም፤ ጎረቤቶቹ በየስማቸው ይጠየቃሉ፣ በመጨረሻም ላሟ። ስለዚህ ኃላፊውንም በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ የቤተሰቡን ጤና፣ ቀጥሎ የከብቶቹን ጠየቅኩት። ሥራ መፈለጌ የመጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

መምህርቷ ስታነበው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አዲስ አበባ ያደገችው የዚህ አገር ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ አቾል በአማርኛ፣ «አንቺ፣ እዚህ አገር ወንድ ስለ ከብቱ የሚጠየቀው ሊያገባ ሲል ነው እኮ! ሥራ መስሎሽ ባል ነው ያመለከትሽው» አለችኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም። የሚያነበው ሰው ጊዜ የለውም፣ የፈለግሽውን በመጀመሪያው መስመር ንገሪው አለችኝ።

ተማርኩ፣ አባዬ። ከሚገባው በላይ ተማርኩ። ባለፈው ሳምንት አያቴ፣ «ልጄ በመጨረሻ ቀኖቹ እንዴት ነበር? አጠገቡ የነበረችው የልጄ ልጅ ትጻፍልኝ» ብላ ላከች። ሦስት መስመር ጻፍኩላት። ዘጠኝ ቀን ታመመ። ብዙ አልተሰቃየም። ዓርብ ተቀበረ። ካስረዘምኩት እንደማለቅስ አውቅ ስለነበር ማሳጠሩ ቀሎኝ ነበር።

ትናንት አክስቴ ደወለች። አያቴ ከሰማች በኋላ፣ «ይህን የጻፈው የሆስፒታል ሰው ነው፤ የልጄ ልጅ የት ሄደች?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላችም።

መምህርቷ አልተሳሳተችም። አያቴ ግን ጊዜ ያጠራት ኃላፊ አይደለችም፤ ለልጇ ቀብር ያልደረሰች እናት ናት። እኔ ያየሁት የእሷም ነበር፤ ለራሴ ይዤ አስቀረሁባት።

አባዬ፣ አልረሳህም፤ ግን ብቻዬን ማስታወሱ እንደማይበቃ ገብቶኛል። ነገ ከክፍል ስመለስ፣ እማዬ ሱቅ እያለች፣ ቁጭ ብዬ እጽፍላታለሁ። በመጨረሻው ጠዋት ጺሜን አበጥሪልኝ እንዳልከኝ፣ ቀስ እያልኩ ሳበጥርልህ እንደሳቅክብኝ፣ ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ «እናቴ እንዲህ ቀስ አድርጋ ነበር ጸጉሬን የምታበጥርልኝ» እንዳልክ። ይቺን የመጨረሻዋን አክስቴ ሁለት ጊዜ እንድታነብላት እለምናታለሁ።

ልጅህ